በአደራ የተቀመጠ ክኒን

ረምዚያ ናኪቩቦ ገበያ መሀል ከቦዳው፣ ከታክሲ ሞተር ሳይክሉ፣ ላይ ዘላ ወረደች። ሞተሩ ገና አልቆመም ነበር። ማስኳን ገፍፋ ጣለች። ልቧ ይደልቃል፣ እጇ ደንዝዟል፣ አየር አልበቃት ብሏል። የስድስት ወር ሆዷን ያየው ነጂ ምጥ ነው ብሎ ተጣራ። ቲማቲም ሻጮቹ ጨርቃቸውን አንጥፈው አስተኟት፤ አንዷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ፅንሱ ግን የመውጣት ሐሳብ አልነበረውም። ድንጋጤው ሲለቃት ተነስታ አመሰገነች። ሻጮቹ ቅር ያላቸው መሰሉ።

ሐኪሟ ፓኒክ የምትለው ይህ ድንገተኛ ድንጋጤ ከአዲስ አበባ ከተሰደደች ጀምሮ ያሠቃያት ነበር። በክኒን ዓመት ሙሉ ደህና ከረመች። ማርገዟ ሲሰማ የግቢው ሐበሾች ተሰበሰቡ፤ ክኒን ፅንስ ያበላሻል ተባለ። ሐኪሟን የጠየቀ የለም፤ እሷ ወልዳ አታውቅማ። መድኃኒቱን ሙህሲና፣ የግቢው ታላቅ፣ በአደራ ተረከበች። ለረምዚያ ቁርኣን የተቀራበት ውሃና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተሰጣት። ባሏ ሙሐመድዘይን ሴቶች የተስማሙበትን ተቃውሞ አያውቅም።

ከናኪቩቦ ስትመለስ ለሐኪሟ ደወለች። ሐኪሟ ተቆጣች። በራስሽ ማቆም አልነበረብሽም፣ ድንጋጤውም ለአንቺም ለፅንሱም አይበጅም፣ ክኒኑን በግማሽ መጠን ጀምሪና እንከታተልሻለን አለቻት። ረምዚያ በቀጥታ ሙህሲና ቤት ገባች።

«እትዬ፣ አደራዬን ስጪኝ።»

ሙህሲና ምስር መልቀሟን አላቆመችም። «አልቋል።»

«ጣልሽው?»

«መድኃኒት ይጣላል እንዴ? ዋጥኩት።»

በኮሮናው ሎክዳውን እሷም ልቧ ይመታ፣ እንቅልፍ ታጣ ነበር። እርጉዝ ስላልሆነች የሚከለክላት አላገኘችም።

«ታዲያ ተሻለሽ?»

«ወላሂ፣ እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ልጅ አለሽ። ዱዓ አድርጊ።»

ረምዚያ አጠገቧ ተቀመጠች። ክኒኑን ከሐኪሟ እንደምትወስድ ነገረቻት፤ የምትፈልገው ሴቶቹ እንዳይነኩባት ብቻ ነው። «ወይ አንቺ ንገሪያቸው፣ ወይ እኔ የዋጥሽውን እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ሙህሲና ሴቶቹን ሰበሰበች። ሐኪም ያዘዘውን መከልከል ወንጀል ነው አለች፤ ሁልጊዜም እንዲህ ትል የነበረች ይመስል። ሁሉም ተስማሙ። አንዷ እንዲያውም መጀመሪያውኑ ማን እንደከለከለ ጠየቀች።

ረምዚያ በጥቅምት 2014 ኪቡሊ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ሙህሲና በኅዳር ከዚያችው ሐኪም ዘንድ በራሷ ስም ካርድ አወጣች።