ሹሉ ጥይትና ድቡልቡሉ

ባሌ ላይ ቀናሁ። ከሌላ ሴት ጋር አይቼው አይደለም፤ ከአባቴ ጋር እየሳቀ አይቼው ነው።

አባቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነኝ። እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ፣ አሮጌ የአየር ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የአንድ ገበሬ ወዳጁ ማሳ ይሄዳል። ቆቅ የተዘራውን እየጫረ ስላስቸገረው ገበሬው አባቴን የሚጠብቀው እንደ ዘመድ ነው።

ጥይቶቹን የምንፈትነው ግን እኔና አባቴ ነበርን። ቅዳሜ ደንበኛ ሲቀንስ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን አሮጌ ጎማ ላይ የልብስ ሳሙና እናቆምና በየተራ እንተኩሳለን። ድምፁ በተሸካሚዎቹ “ዞር በሉ!” ጩኸት ይዋጣል። ከዚያ ሳሙናውን በቢላዋ ሰንጥቀን እናያለን። ጥይቷ ከሽምብራ ታንሳለች፤ ቅርጿ ግን ሁሉን ነገር ይለውጠዋል። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ሰፊ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ከቅርብ ጥሩ ነው፣ ራቅ ሲል ግን ይደክማል። አናቱ ጎድጎድ ያለውም ሳሙናው ውስጥ ገብቶ ይፈረካከሳል እንጂ ለሩቅ አይሆንም። ሹሉ ሲያዩት ያስፈራል፤ ጫፉ ትንሽ ከተጣመመ ግን መንገዱን ይስታል። ድቡልቡሉ ለዓይን አይሞላም፣ ግን ያልኩት ቦታ ይሄድልኛል። ይህን ለማወቅ ስንት ሳሙና እንደፈጀሁ እናቴ ትመስክር።

አደን ግን ወስዶኝ አያውቅም። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ የወደቀችውን ወፍ ሮጦ የሚደርስባት ሰው ሲፈልግ “እኔ እሮጣለሁ” አልኩት።

“መሮጡንስ ትሮጫለሽ፤ ማን ያርድልሻል?” ብሎ ሳቀ።

ወፏ ነፍሷ ሳይወጣ ቢስሚላህ ተብሎ ካልታረደች ቤታችን አትገባም። በልማዳችን ደግሞ ሴት አታርድም። እናቴ ዶሮ ልትሠራ ስትል ክንፏን ይዛ በር ላይ ትቆምና የሚያልፍ ወንድ ትለምናለች፤ ከነሸክሙ የሚያልፈውን የማታውቀውን ሰው ሳይቀር። ስለዚህ ቀረሁ።

ከዚያ አገባሁ። ባሌ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ማረድ ስለሚችል ብቻ ገና በመጀመሪያው እሑድ ተወሰደ። በሁለተኛው ተኮሰ። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ አባቴ “የኔ ጎበዝ” እያለ ትከሻውን ይመታዋል። እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እርር ድብን አልኩ። ምሳቸውን የቋጠርኩት እኔ፣ ጥይታቸውን የመረጥኩት እኔ፣ ወሬው ግን የሁለቱ። መሐላቸው ገብቼ ነፋሱ እንዴት ነበር ብዬ ስጠይቅ ባሌ “አንቺ ምን ያደርግልሻል?” ይለኛል። እጄ ላይ ያለውን ሳህን ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

ይባስ ብሎ የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። “ዘንድሮ ጠመንጃውን ማስረከቤ ነው” አለ። ለማን እንደሆነ አልተናገረም። ባሌ ግን በማግስቱ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ሹል ጥይት ይዞ መጣ።

“አባባ፣ እዩትማ! መርፌ እኮ ነው።”

“ሹሉ መንገድ ይስታል” አልኩ። “ሳሙና ላይ ላሳያችሁ?”

“አንቺ ደግሞ! ቆቅ ሳሙና ነው እንዴ?”

አባቴ ሳቀ። ያ ሳቅ ከባሌ ንግግር ይበልጥ አንገበገበኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ምሳ ልያዝላችሁ ብዬ ተከተልኳቸው። ኪሴ ውስጥ በሶፍት የጠቀለልኳቸው ድቡልቡሎች ነበሩ።

ማሳው ዳር አንዲት ቆቅ ታየች። ባሌ ተንበርክኮ ተኮሰ። ላባ ቦነነ፤ ወፏ ግን አንድ ክንፏን እየጎተተች ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ጠመንጃውን መሬት ላይ ትቶ፣ ቢላዋውን ይዞ ተከትሏት ጠፋ። ለወፏ ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን እንዳያይብኝ ፊቴን አዞርኩ።

በጫጫታው ደንግጣ ሌላ ቆቅ ከእርሻው ማዶ ብቅ አለች። አባቴ ጠመንጃውን አንስቶ አነጣጠረ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ እንደገና አነጣጠረ። ከዚያ አቀበለኝ። ድቡልቡሏን አጎረስኩት። ትንፋሼን ያዝኩና ተኮስኩ።

ወደቀች። ክንፏ መሬቱን ይመታል።

ጠመንጃውን ጥዬ ሮጥኩና በሁለት እጄ ያዝኳት። ትሞቃለች። “ቶሎ ና!” ብዬ ወደ ቁጥቋጦው ጮህኩ። እንደ እናቴ ክንፍ ይዤ ወንድ እየጠበቅሁ ቆሜያለሁ፤ ወፏ ደግሞ እጄ ላይ እየደከመች ነው። አባቴ እያነከሰ ደረሰና የኪሱን ሴንጢ ከፍቶ ዘረጋልኝ።

“እኔ?”

“እኔማ አንገቷን መች አያለሁ? እዚህ ሌላ ማን አለ? ቢስሚላህ በይና ፍጠኚ!”

አልኩና አረድኩ። ሴንጢው አልሳተም።

ባሌ በእሾህ ተቧጭሮ፣ ባዶ እጁን ከቁጥቋጦው ወጣ። ወፏን አየ፣ ከዚያ ሴንጢውን።

“ማን አረዳት?”

አባቴ የጣልኩትን ጠመንጃ ሄዶ አነሳ፣ አቧራውን በኮቱ እጅጌ ጠረገና ለባሌ ዘረጋለት።

ይኸው፣ አልኩ በሆዴ፤ ተኩሼም፣ አርጄም፣ አሁንም ለሱ።

ባሌ በሁለት እጁ ተቀበለ። “ማስረከብዎ ነው፣ አባባ?”

“ያዝላት” አለው አባቴ። “እጇ ደም ነው።”