ለማን እንደምነሳ ግራ የገባኝ ጊዜ

ነገሩ ሁሉ የተምታታብኝ ጉልበት የሚባለው ቃል ሁለት ስለሆነ ይመስለኛል። አንዱ እግር ላይ ያለው ነው፣ ሌላው የሰው ብርታት ነው። ሐኪም ቤት እግሬን የምታሸው ልጅ «አባባ፣ ጉልበትዎን ያሠሩት፣ አለዚያ ይደርቃል» አለችኝ። ቤት ስመለስ ምራቴ «አባባ፣ ጉልበትዎን አይጨርሱ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ሁለቱም ለእኔ ብለው ነው። የትኛዋ የትኛውን ጉልበት እንዳለች እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ሆሳዕና ከተማ የመጣሁት በልጄ ግድ ነው። አገሬ ሆመቾ፣ ጓሮዬ ውስጥ እንሰት ልተክል ቁጢጥ እንዳልኩ መነሳት አቃተኝ። ባለቤቴ ጎትታ ጎትታ ሲያቅታት ጎረቤት ጠራች፤ እንደ ጆንያ ተሸክመው አነሱኝ። ልጄ ይህን ሰማና በማግስቱ መጥቶ ወሰደኝ። ባለቤቴ እንሰቱንና ላሟን ትታ አትመጣም፣ እዚያው ቀረች።

«መቼ ነው የምትመልሰኝ?» አልኩት።

«ያለ ሰው እጅ ብድግ ያልክ ቀን» አለኝ።

ቃል ነው። እኔም ያዝኩበት።

የምታሸኝ ልጅ ያዘዘችኝ በእጅ ሳልደገፍ ከወንበር መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ደግሞ መነሳት ነው። ጠዋትም ማታም፣ ሳይቋረጥ። «ስፖርት ይሥሩ» ትለኛለች።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ ነው የኖርኩት።»

«ያ ሥራ ነው አባባ፣ ይሄ ስፖርት ነው።»

ሁለቱም ይሠራሉ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው አልኳት። ሳቀችና ሌላ በሽተኛ ጠራች። ታዲያ ምን ብዬ ነው የምነሳው? ሽማግሌ ሰው ያለ ምክንያት ብድግ ቁጭ ሲል ያየ ምን ይላል?

ስለዚህ ምክንያት አበጀሁ። ሰው በገባ ቁጥር «ኖር» ብዬ ልነሳ። ኖር የሚባለው ለታላቅ መሆኑን አውቃለሁ። በዚያ ቤት ደግሞ ታላቁ እኔ ነኝ። ቢሆንም ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጉራጌ ጎረቤታችን ነው። «ኖር» ብዬ ወገቤን ሳነሳ ደንግጦ ትከሻዬን ተጫነኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ለእኔ? ምን በደልኩ?»

«ምንም። ልቀቀኝ፣ ልነሳ።»

«አይሆንም። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

እኔ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ታች። አሸነፈኝ። በኋላ «ጋሼ ተቀይመውኛል እንዴ?» ብሎ ምራቴን ጠየቃት አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩልኝ መጡ። አንዱ ዘግይቶ ሲገባ ልነሳለት ስሞክር፣ ቀድመው የተቀመጡት ሁሉ ተነሱ። «ተቀመጡ» አልኳቸው። «እርስዎ ካልተቀመጡ አንቀመጥም» አሉ። ጉልበቴ እንዲበረታ ጸለዩና ብብቴን ይዘው አስቀመጡኝ። ምራቴም ወንበሩ ሲንቋቋ ከሰማች በሊጥ እጇም ቢሆን ትደርሳለች። ልጄ ከሥራ ሲመጣ ሁልጊዜ ሰው ይዞኝ ነው የሚያገኘኝ። «አየህ አባዬ፣ ገና ነህ» ይለኛል። የሚወዱኝ ሁሉ ተባብረው ወንበር ላይ ሊያደርቁኝ ነው ብዬ ሰጋሁ፤ ግን በማን ልቆጣ?

ከዚያ የልጅ ልጄ መጣች። ኬጂ ነው የምትማረው። አንድ ቀን ቦርሳዋን አዝላ ስትገባ «ኖር» ብዬ መነሳት ጀመርኩ። ምራቴ ከጓዳ አየችኝና ወደ ሊጧ ተመለሰች። ለሕፃን ይነሳል ብላ ከየት ታስብ። ልጅቷ ቆም ብላ አየችኝ። እነሱ ትምህርት ቤት የሚነሳው መምህርት ስትገባ ነው።

«ደህና ዋላችሁ ተማሪዎች» አለችኝ።

«ደህና» አልኩ፣ ወገቤ ገና ሳይቀና።

«ቁጭ በሉ።»

ቁጭ አልኩ።

«በደንብ አልተነሳችሁም። እንደገና።»

ብቻዬን ሆኜ ተማሪዎች ነው የምትለኝ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ተነሱ፣ ቁጭ በሉ፣ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን፤ ሰልፍ ላይ የሚያሠሯቸውን ሁሉ አሠራችኝ። ወንበሩን በእጄ ከነካሁ «ኮረጅክ» ብላ ታስደግመኛለች። ትላልቆቹ ጨዋታ ነው ብለው ተዉን። ስነሳ የሚከለክሉኝ ሰዎች ስጫወት ለምን እንደፈቀዱልኝ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩም፣ ብጠይቅ ክልከላው ይመለስብኛል ብዬ።

እንዲህ እያልን ስንቆይ አንድ ቀን ልጄ ሳላየው ገብቶ በር ላይ ቆሟል። እኔ ቆሜ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቻለሁ። አጠገቤ ሰው የለም።

«አባዬ፣ ማን አነሳህ?»

«መምህሬ።»

ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። ልጅቷ «እኔ ነኝ» አለችው። ቅዳሜ በሚኒባስ ሆመቾ ወሰደኝ።

ባለቤቴ ጓሮ ነበረች። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስጠብቃት በቤቱ ጎን ብቅ አለች። ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ኖር» አልኳት። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ቆማ ቀረች። የተናገረችው በሀዲይኛ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው፦ «እኔ በዚህ በር ስገባ ስወጣ አረጀሁ። አንድ ቀን ተነስተህልኝ ታውቃለህ?»

ለስፖርት ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለስፖርት ይሁን ለእሷ እኔም በደንብ አላወቅኩም። እጇ ጭቃ ነበር፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ስቃ ይሁን አልቅሳ አልለየሁም።

«በል ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ገብታ እጇን ታጥባ ስትመለስ ደግሞ ተነሳሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

እኔም እሱን ነው የማላውቀው። በራሴ እግር መቆሜን ግን አይታለች።