ዘፋኙ በዘፈኖቹ መሃል የሚለው

ባለፈው ሳምንት ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ በስልኳ የሮክ ኮንሰርት ታይ ነበር። ድምፁን አልቀነሰችውም። ልቤን የነካው ጊታሩ አይደለም፤ የሕዝቡ ጩኸት ነው። ካሳሁን ትዝ አለኝ።

ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ሁለታችንም በአርባ ምንጭ የታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። እኔ ከገረሴ ብርድ ወርጄ ክፍል የተከራየሁ፣ እሱ የሰፈሩ ልጅ። ታላቅ ወንድሙ ከጫሞ ሐይቅ አሳ እየጫነ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ነበርና አንድ ቀን የውጭ ባንድ መድረክ ላይ ሲጫወት የተቀዳ ካሴት አመጣለት። እስከዚያ የሰማናቸው ካሴቶች ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዱ፣ የተጣሩ ነበሩ። በዚህኛው ግን ፉጨትና ጭብጨባው፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ማጠር ሳይቀር ይሰማል። አንዳንዴ እሱ ዝም ሲል ሕዝቡ ይቀበለዋል።

«ይሄ ሰው አለበት» ይል ነበር ካሳሁን።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቱ እትዬ ብርቄ ኩርኩፋ፣ ያን የበቆሎ ዱቄት ድብልብል፣ በሽፈራው ቅጠል ሠርተው ያቀርቡልናል፤ እኛ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቴፑን መሃላችን አድርገን እንበላለን። በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነበርኩ። ዘፋኙ በዘፈኖቹ መሃል ሲናገር ካሳሁን ማኘኩን ያቆምና «ምን አለ?» ይለኛል። ከአሥር ቃል ሁለቱን ብይዝ ነው፤ ግን አላውቅም ማለት አቃተኝ።

«እናቴ ዛሬ እዚህ አለች፣ ፊት ለፊት ተቀምጣለች ይላል» አልኩት።

ካሳሁን ይህን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አወራ። እኔም በየሳምንቱ ጨመርኩበት።

የካቲት ላይ ዳዊት መጣ፤ ለኮሌጅ ትምህርት ከአዲስ አበባ የመጣ፣ እነ ካሳሁን ግቢ ክፍል የተከራየ ልጅ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አብሮን ተቀመጠ። ካሳሁን በኩራት «አሁን ስለ እናቱ ሊናገር ነው» አለው። ዳዊት አዳመጠ።

«ስለ እናቱ እንኳ አይደለም። ሞቆኛል፣ ውሃ ስጡኝ ነው የሚለው።»

አላሾፈብኝም፤ ቢያሾፍ ይሻለኝ ነበር። ካሳሁንም አልተቆጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «ምን አለ?» ሲል ፊቱ ወደ ዳዊት ይዞራል።

ጓደኞቼ በሴት ይቀኑ ነበር፤ እኔ የቀናሁት በዚያች ጥያቄ ነው። ሁለቱ ጫሞ ዳር አሳ ሊበሉ ሲሄዱ ከሩቅ አየኋቸውና ምሳዬን ሳልበላ ተኛሁ። የዳዊት አረማመድ፣ ሳቁ፣ የታጠበ ሸሚዙ እንኳ አስጠላኝ።

አንድ ጠዋት እትዬ ብርቄ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን ተቀበልኳቸውና «እትዬ፣ ዳዊት ካሳሁንን ጫት እያስለመደው ነው» አልኳቸው። ዳዊት ጫት ሲቅም አንድም ቀን አላየሁም። ሴትየዋ ቆም ብለው አዩኝ።

«አንተ ካልክማ እውነት ነው» አሉ።

በሳምንቱ ዳዊት ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሼቻ ወጣ።

ካሳሁን ክፍሌ ድረስ መጣ። አልተቀመጠም።

«እናቴ ማን እንደነገራት ነግራኛለች» አለ። «ዳዊት ምን ይለኝ እንደነበር ታውቃለህ? ጓደኛህ ጥሩ ጆሮ አለው፣ ትንሽ ባግዘው ሁሉንም ይሰማል ነበር የሚለኝ።»

ካሴቱን አልጋዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ብቻዬን ስከፍተው ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጮኸው ለሌላ ሰው መሰለኝ፤ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።

ኋላ የእንግሊዝኛ መምህር ሆንኩ። ካሳሁን ሲቀላ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ ሰላም ተባብለን ስለ ልጆቻችን እንጠያየቃለን፤ ዳዊትን አንስተነው አናውቅም። ዛሬ ሳስበው ልጁ ከእኔ የወሰደው አንዳች ነገር አልነበረም። ያ ማንጎ ጥላው ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር። ይህን ለካሳሁን ልነግረው ስንት ጊዜ ከቤቴ ተነስቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከመኪናው ስወርድ የካሳሁን ሱቅ ክፍት ነበር፤ እሱም በር ላይ ቆሟል። እጄን አንስቼ ሰላም አልኩትና አለፍኩ።