ሠርጌ ላይ የመጣው አዝማሪ

ትናንት ከትንሿ ፀዳ ወደ ከተማ ስመጣ የባጃጁ ሹፌር የማሲንቆ ዘፈን ከፈተ። ግራ ትከሻዬ ሳላዘው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አፈርኩና በነጠላዬ ሸፈንኩት። ይህ ትከሻ ከማን እንደመጣ ያወቅሁት የሠርጌ ዕለት ነው። ለባሌ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ከማግባቴ በፊት አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትክል ድንጋይ ገበያ ይሄድ ነበር። «እህል ልገዛ» ይላል፤ ጆንያው ግን ባዶውን ይመለሳል። ልብሱም ሙጫ ሙጫ ይሸታል። እናቴ «ውሽማ ይዟል» ብላ አኮረፈች። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ባይ ነኝ፤ ኪሱን ፈተሽኩ። ያገኘሁት የፈረስ ጭራ ነው! ውሽማ የፈረስ ጭራ ምን ያደርግላታል? ጠንቋይ ቤት ቢሄድ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሰሞን የባሌ ሽማግሌዎች ዘር ሊቆጥሩ መጡ። አባቴ «አባቴ ገበሬ ነበር፤ በልጅነቴ ሞተ» አለና ቶሎ ወደ ቅድመ አያቶቹ አለፈ። ያ መቸኮሉ አላማረኝም። ትልቁ ሽማግሌ ግን «ሸጋ ዘር ነው! እኛ እኮ ከአዝማሪ ቤት አንጋባም» ብሎ ሳቀ።

የሠርጌ ዕለት አባቴ ራሱ የጠራው አንድ ያረጀ አዝማሪ ዳሱ ውስጥ ገባ። ማሲንቆው በአዲስ የፈረስ ጭራ ተወጥሯል። ደጋኑን ሙጫ ሲቀባው ያ የማውቀው ሽታ መጣ። አባቴ እስክስታ ሲወርድ ሁልጊዜ ግራ ትከሻው ይቀድማል፤ የአዝማሪውም እንደዚያው ቀደመ። ሁለቱን አፈራርቄ አየሁ፤ ያው አንገት፣ ያው አገጭ። ሞተ የተባለው አያቴ ፊቴ ቆሞ ያወድሰኝ ነበር። ሽማግሌዎቹም ያወቁ መሰለኝና በድንጋጤ አንድ በአንድ ቃኘኋቸው። ጠላቸውን ይጠጣሉ።

አባቴ እንደማንኛውም ሠርገኛ ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። መዳፉን ግን ቶሎ አላነሣም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለው የገዛ አባቱ።

ልንወጣ ስንል የእናቴንና የአባቴን ጉልበት ስሜ ወደ አዝማሪው ሄድኩና ጎንበስ አልኩ።

«ምነው ሙሽሪት! የአዝማሪ ጉልበት ይሳማል እንዴ?» አለ ትልቁ ሽማግሌ።

አባቴ መሬት መሬት ያያል። አያቴ ጉልበቱን ሰብሰብ አደረገና ጮክ ብሎ ሳቀ።

«ደስታ አሳስቷት ነው! ዘመዶችሽ እኮ ወዲያ ናቸው፣ እመቤቴ» ብሎ በቀስታ ከራሱ ገፋ አደረገኝ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የአያቴን ጉልበት ሳልስም መኪናው ላይ ወጣሁ።