የምትክ ስም

የአማርኛ ስም አንድ ችግር አለበት፤ ትርጉሙን ከተናገርክ ስሙንም ተናገርክ። ስለዚህ የራሴን ስም ልደብቅ ብል ብዙ ርቄ አልሄድም፤ ግን ልሞክር። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ ከሚባሉት አንዱ ነኝ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ልጅ በፊት ሌላ ልጅ ነበረ፣ ሞተ፣ ይሄ በሱ ቦታ የመጣ ነው። እኔ ሳወራው «ስኮርታ ጎማ ነኝ» እላለሁ። ዋናው ጎማ ተነፈሰ፣ እኔ ተገጠምኩ። መልኬን ያየም አይከራከረኝም፤ አጭር፣ ክብ፣ መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ የምጫን።

ቆቦ ስማር ከክፍላችን ስሙን የሚመስል ልጅ አልነበረም። ጥጋቡ ሲርበው ይውላል፣ ፈጠነ በየቀኑ ያረፍዳል፣ ይበልጣል በፈተና ከሁሉም ያንሳል። የተባለውን ሆኖ የተገኘ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ኳስ ሜዳ እንኳ ተቀያሪ ነበርኩ።

አግብቼ ልጅ እስክወልድ ድረስ በዚህ ቀልድ ስነግድ ኖርኩ።

ባጃጅ ቆቦ ገና የገባ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ከሱ በፊት ሌላ ወንድ ወልደን ነበር፤ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሄደብን። ስም አላወጣንለትም ነበር። ለክርስትናው እንደርሳለን ብለን ማሙሽ፣ ማሙሽ ስንለው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ስለሱ ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲልብኝ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ መቀለድ።

የሁለተኛው ክርስትና አራት ቀን ሲቀረው እናቴ ከጎብዬ መጣች። ከሚኒባሱ ስትወርድ በአንድ እጇ ዶሮ፣ በአንድ እጇ ቅቤ፣ ስሙን ደግሞ በመቀነቷ ቋጥራ የመጣች ነው የምትመስለው። ልጁን ገና እንደታቀፈች፣

«በሉ፣ ስሙ ካሳ ነው» አለች። «እግዜር ካሰን፣ አለቀ።»

ባለቤቴ ሌላ ስም አስባ ነበር። ያኔ በሰፈራችን የሚወለደው ወንድ ሁሉ ናትናኤል፣ ኪሩቤል፣ ሮቤል ነበር። በር ላይ ቆመህ «ኤል!» ብለህ ብትጣራ ግማሹ መንደር አቤት ይላል። ከነዚያ አንዱን ነገረቻት።

እናቴ ልጁን ትኩር ብላ አየችው። «ይሄ ስም ነው መድኃኒት?»

ጨርቅ የምትነግደው ጎረቤታችን አጥሚት ይዛ ገብታ ነበር። «እማማ፣ እኛ ብንሆን በሰባት ቀኑ ሰይድ ብለን ተገላግለን ነበር» አለች። «እናንተ ስትከራከሩ ልጁ አፍ ፈትቶ ራሱ ይነግራችኋል።»

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የሰው ቀልድ ከሰማሁ አልችልም። «ካሳ ይሁን፣ ምን ቸገረው! ቤቱ ሁለት ስኮርታ ይኖረዋል፤ መቀሌ ድረስ ብንሄድ አንሰጋም» አልኩ።

ጎረቤታችን ሳቀች፣ እናቴም ሳቀች። ባለቤቴ አልሳቀችም። የአጥሚቱን ኩባያ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ካሳ የሚከፈለው አይሱዙ ለገጨው በሬ ነው። የኔ ልጅ በሬ ነው እንዴ፣ በሌላ ልጅ የሚካሰው? ያም ልጄ ነበር። ይሄም ልጄ ነው።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ጎረቤታችን «አላህ ያሳድገው» ብላ ኩባያዋን ይዛ ወጣች። እናቴ ልጁን ከእናቱ ጎን አስተኝታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻት። ወደ መናኸሪያ የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ደጃፋችን ያለው የኒም ዛፍ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ላስቃት ብዬ ሄድኩ። አጠገቧ ስቀመጥ የምቀልደው ጠፋኝ። እኔን፣ ቀልደኛውን! በምትኩ በዚያ ሁሉ ዕድሜዬ ጠይቄያት የማላውቀውን ነገር ጠየቅኳት።

«እማ፣ ከኔ በፊት የነበረው… ስሙ ማን ነበር?»

አላየችኝም። ወደ ዋጃ የሚሄድ ግመል የጫነ መኪና አለፈ፤ አቧራውን በእጇ ከፊቷ አባረረች።

«ኩፍኝ ነው የወሰደው። ዳዴ ጀምሮ ነበር።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«የጠየቅከኝንማ አውቄዋለሁ።»

ከዚያ ነገረችኝ። ስሙን አልጽፈውም። ግን አልኩ አይደል፣ ትርጉሙን ከተናገርክ ስሙንም ተናገርክ፤ «ቤቴ ሞላ ብዬ ነው ያወጣሁለት» አለች። «ከሞተ ወዲያ አባትህ እንዳይጠራ ብሎ ከለከለ። አንተን ስጠራህ ሁለታችሁንም ነበር የምጠራው። አንዳንዴ ቶሎ አቤት ስትለኝ ይከፋኝ ነበር። አንተ ምን አጠፋህ፣ የኔ ልጅ!»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ገባች። አልጋው አጠገብ ቆመች።

«አንች ልጅ፣ ዙሪ እስቲ» አለቻት። «እንዳልሽው ይሁን። ብቻ ምላሴ እስኪለምደው ታገሽኝ።»

እስከ ዛሬ አልለመደላትም፤ «ኤልዬ» ነው የምትለው። መንገድ ላይ ስትጣራ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየሮጠ ይመጣላታል።

በአርባ አምስተኛው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ስሙን ካርዱ ላይ ጻፈችና «ስንተኛ ልጅ ነው?» አለች።

«የመጀ—» ብዬ ነበር። ባለቤቴ አየችኝ።

«ሁለተኛ» አልኩ።

«ታላቁን እዚሁ ነው ያስከተባችሁት? ስሙን ንገሩኝ፣ ካርዱን ልፈልገው።»

ባለቤቴ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችና አንድ ስም ተናገረች። ከሷ አፍ ሰምቼው የማላውቅ ስም ነበር። ስንት ጊዜ በሆዷ ስትጠራው እንደኖረች እሷ ናት የምታውቅ።

«ካርድ የለውም» አለች። «ካርድ ሳይደርስ ነው የሄደ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አቆመች። ቀና ብላ አየቻትና ስሙን ደግማ ጠርታ «ነፍሱን ይማረው» አለች።

በባጃጅ ስንመለስ እንዳይጠፋብኝ ስሙን በከንፈሬ እደጋግመዋለሁ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ጮክ ብለህ በለው እንጂ፤ ምላስህ ይልመደው።»

ጮክ ብዬ ጠራሁት።

«አቤት!» አለ የባጃጁ ሾፌር ዞሮ። ለካ የሱም ስም ኖሯል።

ባለቤቴ ልጁ ላይ ጎንበስ ብላ ሳቀች፣ ሳቀች። ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ርሷል። ሾፌሩ ግራ ገብቶት «ምነው፣ ጠራችሁኝ አይደል እንዴ?» አለ።

«ጠራንህ» አለችው። «ዝም ብለን ነው። ንዳ።»