ዘጠነኛው ጉድጓድ

ጋምቤላ የአየር መንገድ ወኪል በነበርኩበት ዘመን የማልሠራው ነገር አልነበረም፤ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ሻንጣ እመዝናለሁ፣ ሬዲዮ ላይ እጮሃለሁ፣ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች አባርራለሁ። አውሮፕላኑ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የሚያርፈውም ሣር ላይ። ነጭ ጨርቅ ካነጠፍኩ ያርፋል፣ ቀይ ካነጠፍኩ ይመለሳል። የሰው ነፍስ በሁለት ብትን ጨርቅ እጄ ላይ ነበረች። ቶሎ የምቆጣ ሰው የሆንኩት ለዚህ ይመስለኛል። ሚስቴ ግን "ድሮም እንዲሁ ነበርክ" ትላለች።

የባሮን ውሃ ሊለካ የመጣ አንድ የስኮትላንድ መሐንዲስ ነበር። በበጋ ሣሩ ተቃጥሎ ሜዳው ሲራቆት፣ ከሥራ መልስ ጎልፍ ልጫወትበት ብሎ ለመነኝና ፈቀድኩለት። ሰው ተሰብስቦ ይስቅበት ነበር፤ እኔም አብሬ። እንቁላል የምታህል ኳስ በዱላ መትቶ ያርቃታል፣ ከዚያ በዚያ ሐሩር ሊፈልጋት ይሄዳል። "ከፈለጓት ምን አስመታዎት?" ብዬዋለሁ አንድ ቀን።

አልተቀየመኝም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ በተሰባበረ አማርኛው ስለ አባቱ ነገረኝ። ጨዋታውን ያስተማሩት አባቱ ናቸው፤ ነፋስ በማይለያቸው፣ ቅድመ አያቶቻቸው ሳይቀሩ በተጫወቱባቸው የባሕር ዳር ሜዳዎች። አሁን አባትየው ልባቸውን ታመዋል። ሐኪሙም የዘንድሮን እንጂ የከርሞውን አላውቅም ብሏቸዋል። ስለዚህ ልጅየው ፈቃድ ወስዶ፣ ሁለቱ ከአንዱ ጥንታዊ ሜዳ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ሊጫወቱ፣ ከሁሉ ባረጀው ሊጨርሱ ተቃጥረዋል። "አባቴ ይጠብቀኛል" አለኝ። አንጀቴን በላው። ትኬቱን በገዛ እጄ ቆረጥኩለት።

ችግሩ የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። እርሱ ሊሄድበት የነበረውን አውሮፕላን ሜዳው ጨቅይቶ መለስኩት። መሐንዲሱ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እየመጣ ሰማይ ሰማዩን ያያል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ወንዙ ያለው ወገን አሁንም ጭቃ ነበር፤ የላይኛው ግን ጠጠር ብሏል። "ላይኛው ደህና ነው" አልኩ በሬዲዮ። አውሮፕላኑ ከጎሬ ተነሣ።

ሜዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ወጣሁ። ማጭድ ያልነካው ሣር ከቁርጭምጭሚት አልፏል። መሐል ላይ ስደርስ ቀኝ እግሬ ጉድጓድ ገባና በአፍጢሜ ተደፋሁ። እጄን ብሰድ የተቀበረ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ ዙሪያውን ጎርፍ በልቶት ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ ሆኗል። ክው አልኩ።

መሐንዲሱ ሻንጣውንና የዱላ ከረጢቱን ይዞ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። ጣሳውን አሳየሁት።

"ኳስ የሚገባበት ነው" አለ፤ ፊቱ ነጣ። "ረሳሁት። ሁሉንም ረሳሁ።"

"ሁሉንም? ስንት ናቸው?"

"ዘጠኝ።"

አንቱታው ከአፌ ወደቀ። "አንተ ሰው! ተጫወት አልኩህ እንጂ ቆፍር አልኩህ?"

ለጠብም ጊዜ አልነበረም። ሬዲዮዬ ጎሬን እንጂ ሰማይ ላይ ያለውን አያገኝም። እኔ፣ መሐንዲሱ፣ ሁለት ተሸካሚዎችና የአኙዋክ ሽማግሌ የሆነው ዘበኛችን ሣሩን በእጃችን እየዳበስን ተበተንን። አንድ በተገኘ ቁጥር በድንጋይና በአፈር እንጠቀጥቃለን። መሐንዲሱ በጉልበቱ እየዳኸ ነበር፤ ለመንገድ የለበሰው ሱሪ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ስምንቱ ተገኙ። ዘጠነኛው ጠፋ።

ድምፁ ከምሥራቅ ተሰማ።

"ጋሼ፣ አንድ ቀረ" አለ ዘበኛው። "አውሮፕላን መጣ፣ ጉድጓድ አንድ ቀረ።"

"የት ነው የቀበርከው?" ብዬ ጮህኩ። መሐንዲሱ ሣሩን ያያል፣ ሰማዩን ያያል። "እዚህ መሰለኝ... አላውቅም።" አውሮፕላኑ በላያችን አልፎ መዞር ጀመረ፤ ጨርቄን ይጠብቃል። "ዳር ላይ ነው፣ ጎማ አይደርስበትም" ቢለኝ አምነው ነበር። እንደውም እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ሁለቱ ጨርቆች እጄ ላይ ናቸው።

መሐንዲሱ መጥቶ ቀዩን ከእጄ ወሰደ። ሮጦ ሄዶ አነጠፈውና እንዳይነሣ ራሱ ጫፉ ላይ ቆመ። አውሮፕላኑ ክንፉን ሰበቅ አድርጎ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ከዚያ ጨርቅ ላይ አልወረደም።

እኔ ገና እየተሳደብኩ ነበር። እርሱ ግን "ለሚቀጥለው አውሮፕላን" ብሎ ተመልሶ ሣሩን መዳበስ ያዘ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ውሃ ቀድታ ከባሮ ስትመለስ፣ ትልልቅ ወንዶች እንደ ሕፃን ሲድሁ አይታ ቆመች። ዘበኛውን በአኙዋክኛ ጠየቀችው። ነገራት። ሳቀችና ብዙ አወራች። ዘበኛው ግን አልሳቀም።

"ምን አለች?" አልኩት።

"አንዱን እኔ ወሰድኩ ትላለች። ያኔ፣ ሣር ሳይኖር። ጣሳ ጥሩ ነው፣ ገበያ ላይ በቆሎ ይሰፍራል። ጉድጓዱን አፈር ሞላሁ፣ ረገጥኩ ትላለች። የሰው እግር እንዳይሰበር።"

መሐንዲሱ ከጉልበቱ ተነሥቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "አመሰግናለሁ በላት" አለ ለዘበኛው፤ ከዚያ ወደ ሻንጣው ሄደ።

ያን ሳምንት እንደገና ዘነበ፤ ቀጥሎም ዘነበ። የሄደው ሜዳው ሲጠነክርልን ነው። ክረምቱ ወጥቶ እርሱ ሲመለስ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ተቀበልኩት። አንቱታው በዚያው ቀርቷል።

"ደረስክ ወይ?"

"ለቀብሩ" አለ።

ሻንጣውን ከእጁ ወሰድኩ። ያልሆነ ነገር አመለጠኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ የከረመ ነገር ነው። "በከንቱ ነው የቀረኸው" አልኩት። "ጉድጓዱ እኮ አልነበረም።"

ቆም ብሎ ሜዳውን አየ።

"ያን ጊዜ ነበር" አለኝ።