ከዘፈኑ በፊት ያለችው ባዶ መስመር

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እቤቴ ሸክላ ዞሮ አያውቅም። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ከሐዘንተኛ ቤት ዘፈን ቢሰማ፣ መካነ ሰላም ላይ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ማጫወቻውን ነጠላ አልብሼ ተውኩት።

አጠገቡ ሁለት የድምፅ ማጉያ ሳጥኖች አሉ። መርፌው ከሸክላው የሚያነሣው ድምፅ እጅግ ደካማ ነው፤ ሲቀረጽም ወፍራሙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ በርትቶ ነው። ሳጥኑ ድምፁን ያጎላል፣ ሚዛኑንም ይመልሳል። አንዱ እንደ ድሮ ሬዲዮ በቫልቭ፣ አምፖል በሚመስል የመስታወት ቱቦ፣ ይሠራል፤ ሲሞቅ ይቀላል። ሌላው በትራንዚስተር ነው፤ ከውጭ የመጣ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ። ባለቤቴ የቫልቩ ወገን ነበር። «ዘፋኙን እኮ ወንበር ላይ ያስቀምጥልሻል» ይለኝ ነበር። እኔ ግጥሙን ጥርት አድርጎ ስለሚያሰማኝ ትራንዚስተሩን እመርጥ ነበር፤ የቫልቩ ጥዝታ፣ ያ ጥዝዝ የሚለው ድምፁ፣ ያናድደኝ ነበር። ስንት እሑድ ተከራክረንበታል።

ታሞ ሳለ፣ ከሁለቱ እኔ የማልፈልገውን አቀስታ ከተማ ለሚኖሩት ጓደኛው እንድሰጥ ነግሮኝ ነበር። ጓደኛው የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። በቀደም መጡ።

«የቱን ልውሰድ?» አሉኝ።

«ሳልሰማ እንዴት ልምረጥ ጋሼ? ዘፈን ደግሞ አይከፈት።»

ወደ ማጫወቻው ዞሩ። «ዘፈን ማን አለሽ? ከዘፈኑ በፊት ያለችውን ባዶ መስመር እንስማ። የሳጥን አመሉ የሚታወቀው ዝም ሲል ነው። እንደ ሰው።»

ነጠላውን አነሣሁ። በትራንዚስተሩ ጀመሩ። መርፌው ጠርዙ ላይ አረፈ፤ ስስ ኮሽታ፣ ከዚያ ምንም። ዘፈኑ ሊገባ ሲል አነሡት። ከቀብር መልስ የማውቀው የቤቴ ዝምታ ነበር።

ቫልቩን አሙቀው ደገሙት። ያ ጥዝታ መጣ። ዝቅ ያለ፣ የማይቋረጥ፤ ጓዳ ውስጥ ሰው ለራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። መርፌው ተነሥቶም አልቆመም።

ጎረቤቴ፣ አሮጊቷ፣ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። «ልጄ፣ ንብ ገባብሽ እንዴ?»

«ሳጥኑ ነው እማማ።»

«አብሽሪ፤ ንብም ቢሆን በረካ ነው» ብለው ሄዱ።

«ቫልቩ ይቅርልኝ» አልኩ።

«አንቺ? በዚህ ጥዝታ ስንቴ ስታሾፊበት ሰምቼሻለሁ!»

«ያኛው ዝም ሲል ጭራሽ ዝም ይላል ጋሼ።»

 ትራንዚስተሩን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ሚኒባሱ ሳያመልጣቸው ወጡ።

ሸክላውን ወደ ልባሱ መለስኩ። ሳጥኑን ሳላጠፋ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ ብቻዬን በላሁ። ሲመሻሽ መብራት ሄደ። ጥዝታው ተቋረጠ፤ ቫልቮቹ ቀስ ብለው ጠቆሩ። እጄን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ገና ሞቃት ነበር። ማብሪያውን አልነካሁትም፣ መብራቱ ሲመለስ በራሱ እንዲጀምር።